ኮምባይነሯ ከነፋስ ስልክ ስትወጣ

ጡረታ በወጣሁ ሰሞን ልጄ ሰብለ ለቡ ባለው ቤታችን በረንዳ ላይ ወንበር አውጥታ «እማዬ፣ እንግዲህ ዕረፊ» አለችኝ። ተቀመጥኩ። ከፊታችን ለአዲስ ሕንፃ መሠረት ይቆፈር ነበር። ኤክስካቫተሩ አፈር ሲዝቅ የሚያወጣው ድምፅ አላማረኝም። ትንሽ ታገስኩና ነጠላዬን ደርቤ ወረድኩ። አጥሩ ጋ ቆሜ ለኦፕሬተሩ እጄን አወናጨፍኩለት።

«የኔ ወንድም፣ ፖምፓው አየር እየሳበ ነው! ዘይቱን እየው!»

ሰውየው ሞተሩን ቀነስ አድርጎ አንገቱን አወጣ። «አውቄዋለሁ እናቴ፤ ከሰዓት ይቀየራል። ምነው፣ ባለቤቱ ነው የላከዎት?»

ማንም እንዳልላከኝ ስነግረው ሳቀ። ሰብለ በረንዳው ላይ ሆና ራሷን ይዛ ታየኛለች። ከዚያ ወዲህ ያ ወንበር ልብስ ማስጫ ሆነ።

ስሜ አስካለ ነው። ዕድሜዬን የጨረስኩት በትልልቅ የእርሻ ማሽኖች ላይ ነው፤ መጀመሪያ እየነዳሁ፣ ኋላ እየጠገንኩ። ሰዎች «ለሴት አይከብድም ነበር?» ይሉኛል። ይከብዳል፤ ለወንድም ይከብዳል። እኔን የከበደኝ ግን አሁን ያለ ሥራ መቀመጡ ነው።

ተወልጄ ያደግኩት አርሲ፣ አባቴ ዘበኛ በነበረበት የመንግሥት እርሻ ውስጥ ነው። ከቤታችን የምትበልጥ ነገር በራሷ ስትሄድ መጀመሪያ ያየሁት እዚያ ነው፤ ኮምባይነር ነበረች። ስንዴውን ከፊቷ እያጨደች፣ ሆዷ ውስጥ እየወቃች፣ ገለባውን ከኋላዋ እየተፋች ስታልፍ መሬቱ እግሬ ሥር ይንቀጠቀጣል። ሌሎቹ ልጆች ገለባው ላይ ሊንከባለሉ ይሮጣሉ። የእኔ ዓይን ግን ላይ ጋቢናው ውስጥ የተቀመጠው ሰው ላይ ነበር። ከዚያ ከፍታ ምን እንደሚታየው ማወቅ ፈለግኩ። ስለ ጥቅሟ ያሰብኩት ብዙ ቆይቶ ነው። መጀመሪያ የያዘኝ ትልቅነቷ ነው።

ዕድሜዬ ሲደርስ የኦፕሬተርነት ሥልጠና ወሰድኩ። የእርሻው ኃላፊ ግን ሴት ጋቢና ላይ ማውጣት አልዋጥልህ ብሎት ዕቃ ግምጃ ቤት አስቀመጠኝ። መፍቻ መስጠት፣ መፍቻ መቀበል። ከዚያ ያወጣኝ የኦፕሬተሮቹ አለቃ ጋሽ ቱሉ ነው። በዕድሜ አባቴ ይሆናል፤ ሆኖም «አንቱ» ካሉት ይቆጣል። አንድ ቀን መስኮቴ ላይ መጥቶ መፍቻ ጠየቀኝ።

«ስንት ቁጥር?» አልኩት።

«ማሽኗን ሳታዪ እንዴት ታውቂዋለሽ? ነይ እይ።»

ወጣሁ፤ በዚያው ቀረሁ። ኃላፊው መጥቶ ሲጮህበት ጋሽ ቱሉ «ሥራ በዝቶብኛል፤ ወይ ሌላ ሰው ስጠኝ፣ ወይ እሷን ተውልኝ» ከማለት ሌላ ክርክር አልገጠመም።

የጋሽ ቱሉ ልማዶች ሥራዬ ሁሉ ውስጥ ገብተዋል። ማሽን ማሳ ውስጥ ከመግባቷ በፊት ማሳውን በእግሩ ይዞራል። ጫማውን አውልቆ በተረከዙ መሬቱን ይጫናል፤ ተረከዙ የተወው ጉድጓድ ውስጥ ውኃ ካቀረረ ያን ዕለት ማንም ሞተር አያስነሳም። ኮምባይነሯ ትንሽ ከሄደች በኋላ ደግሞ ያስቆማትና ከኋላዋ ተንበርክኮ ገለባውን ይገልጣል። ባርኔጣውን መሬት ላይ ደፍቶ፣ ከባርኔጣው ሥር ስንት ፍሬ እንደወደቀ ያያል። ፍሬው ከበዛ ማራገቢያውን ቀነስ፣ ወንፊቱን ከፈት ያስደርጋል። እንደገና ባርኔጣ፣ እንደገና ተንበርክኮ ማየት። ከማሳ ስንመለስ የሚሽከረከረው ብረት የሚያርፍባቸውን ኩሽኔታዎች አንድ በአንድ በመዳፉ ይነካል፤ የሚያቃጥለውን ለይቶ ግራሶ ያስሞላል፣ ካልሆነም ያስቀይራል። ሰው ሊያናግረው ሲመጣ ደግሞ፣ ሕፃን ልጅም ቢሆን፣ ሞተሩን አጥፍቶ ነው የሚሰማው። «በሞተር ላይ የሚነገር ነገር ግማሹ ይቀራል» ይል ነበር።

እርሻው ኋላ ባለቤት ቀየረ፤ ሠራተኛ ተቀነሰ። እኔ ወደ አዲስ አበባ መጣሁና ነፋስ ስልክ አካባቢ የእርሻ ማሽን አስመጪ የሆነ ድርጅት ጋራዥ ውስጥ ገባሁ። ደሞዙ ከበፊቱ ይሻል ነበር፤ የሞተር ቀበቶ ለሆነው ለአንድ ቺንጋ የሚሞላው ወረቀት ግን ከቺንጋው ይረዝማል። መካኒሳ ቤት ተከራየሁ፣ አገባሁ፣ ሰብለን ወለድኩ፤ ባለቤቴ ቀድሞኝ ሞተ። በመከር ወራት ከተማ ውስጥ አልገኝም፤ ከአርሲ ባሌ፣ ከባሌ ሌላ ቦታ፣ ማሽን የቆመበት ሁሉ እጠራለሁ። ክረምት ሲመጣ ግን ግድግዳው ይጠበኛል። ሰብለ ትንሽ ልጅ ሆና «እማዬ፣ አሁንም እንደ ታሰረ በግ ቤቱን ልትዞሪ ነው?» ትለኝ ነበር። እውነቷን ነው፤ እዞር ነበር።

የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ አቶ ግርማቸው ይባላሉ። ደግ ሰው ናቸው፤ ትልቅ ነገር ሲያዩ ግን ልጅ ይሆናሉ። አንድ ጊዜ ውጭ አገር ደርሰው ሲመለሱ ግቢያችን አይቶት የማያውቅ ኮምባይነር አስመጡ። ጋቢናዋ ከጋራዡ ጣሪያ በላይ ነው። የፊት ጎማዋ ከእኔ ቁመት ይበልጣል። ማጨጃዋ ቢገጠምላት የነፋስ ስልክን አስፋልት ከዳር እስከ ዳር ትይዘዋለች። አቶ ግርማቸው በሩ አጠገብ አቆሟትና ሚኒባሶች ሳይቀሩ ቀስ እያሉ ማለፍ ጀመሩ። ረዳቶቹ «ነፋስ ስልክ ማሽኗ ጋ ወራጅ አለ?» ይላሉ። አንድ እሑድ ከመካኒሳ ሙሽሮች ከነሚዜዎቻቸው መጥተው ፎቶ ካልተነሳን አሉ። የሙሽራዋን ቬሎ ከኋላ ይዤ መሰላሉን ያስወጣኋት እኔ ነኝ። ላይ ስትደርስ መሪውን ይዛ «ወይኔ፣ ከዚህ መውረድ የለም!» ብላ ጮኸች። ስሜቷ ገባኝ።

ሁሉም ያያታል፤ የሚገዛት ግን ጠፋ። አንድ ሜዳ የሚያህል ማሳ ካልሆነ ለመዞር እንኳ አይበቃትም። አቶ ግርማቸው መላ ፈጠሩ። አርሲ ውስጥ ማሳቸውን አጋጥመው ስንዴ የሚዘሩ ገበሬዎች ማኅበር ነበር፤ ከልጅነቴ እርሻ ብዙም የማይርቅ ጥቁር አፈር። የማኅበሩ ሊቀመንበር አደ ሎሚ የሚባሉ ቆፍጣና ባልቴት ናቸው። በየዓመቱ ስንዴያቸውን የምታነሳላቸው አንዲት አሮጌ ትንሽ ኮምባይነር ነበረች። አቶ ግርማቸው «የእኛ ትልቋ ትምጣ፤ ሁሉንም ቶሎ ታነሳላችኋለች» አሏቸው። ተስማሙ። የአሮጌዋ ኮምባይነር ባለቤትም ሥራ ፍለጋ ወደ ሌላ አካባቢ ነዳ።

እኔ ከባድ ማሽን በሚጭነው ረጅም ተሳቢ፣ በሎቤድ፣ አጅቤያት ሄድኩ። ማሳውን በእግሬ ዞርኩት፤ ተረከዜን ጫንኩበት፤ ደረቅ ነበር። ማጨጃዋን ገጠምንና ወጣሁ። የመጀመሪያዋን ቀን እስክሞት አልረሳትም። ከላይ ሲታይ ስንዴው እስከ ሰማዩ ጠርዝ ቢጫ ነው። እሷ ዝም ብላ ትውጠዋለች። ሆዷ ቶሎ ከመሙላቱ የተነሳ ከጎኗ እህል የሚቀበሉት መኪኖች ተራ መጠበቁ ቀርቶ መድረስ አቃታቸው። ሽማግሌዎች እጃቸውን ዘርግተው ይመርቃሉ። ሴቶች እልል ይላሉ። ለአደ ሎሚ ሞተሩን አጠፋሁላቸው።

«አስካለ» አሉኝ ወደ ላይ እያዩ፣ «እኛ በዚህ ሁሉ ዘመን ምን ስንሠራ ነበር?»

በማግሥቱ ጠዋት ማንም ያልጠበቀው ዝናብ መጣ። የመከር ዝናብ ብዙ ጊዜ ፈራ ተባ ብሎ ያልፋል፤ ይኼኛው ግን ወረደ። ኮምባይነሯ ሆዷ ሙሉ፣ እህል የምትቀበለው መኪና መንገድ ላይ፣ እኛ ማሳ መሀል። ወደ ዳር ላወጣት ሞከርኩ። ጥቁር አፈር ውኃ ሲጠጣ ምን እንደሚሆን ያየ ያውቀዋል። መጀመሪያ ጎማው ጭቃ ጠመጠመ፣ ቀጥሎ ዞረ፣ ከዚያ ወንበሬ ሥር አንድ ነገር ቀስ ብሎ ዝቅ ሲል ተሰማኝ። ስወርድ የመሰላሉ የመጨረሻ ደረጃ ጭቃ ውስጥ ነበር።

በአካባቢው ያለ ትራክተር ሁሉ መጣ። በሰንሰለት አስረን ጎተትን፤ ሰንሰለት በጠስን። አንዱ ትራክተር ራሱ ተቀበረ። እሷን የሚያወጣት እንደ እሷ ያለ ሌላ ነው፤ ሌላ ደግሞ በአገሩ የለም። ዝናቡ ቀጠለ። ትንሿን ኮምባይነር ለማስመለስ ተደወለ፤ ባለቤቱ ሌላ ቦታ ውል ገብቶ «አልችልም፣ እኔም በሰው እህል ላይ ነኝ» አለ። እውነቱን ነው።

አደ ሎሚ ማንንም አልወቀሱም። ቤት ለቤት ዞረው ማጭድ ያለውን ሁሉ ጠሩ። ከመስጊድ መጡ፣ ከቤተ ክርስቲያን መጡ፣ አስተማሪዎች ሱሪያቸውን ጠቅልለው ጭቃው ውስጥ ገቡ። እኔም ማጭድ ያዝኩ። ዝናቡ ጋብ ባለ ቁጥር እያጨድን፣ እየተሸከምን ወደ ደረቅ ቦታ አወጣን። ብዙውን አተረፍን። ያልደረስንበት እዚያው ቀረ፤ በቆመበት አጎነቆለ። ዛላውን ሳነሳው ከፍሬው መሀል ለጋ አረንጓዴ ጭራ ወጥቶ አየሁ። ያ የአደ ሎሚ ማሳ ነበር። ሌላውን ሲያስቀድሙ የራሳቸውን መጨረሻ አድርገውት ነው።

ጋሽ ቱሉን አስጠራሁት። ጡረታ ወጥቶ አሰላ ይኖር ነበር፤ ከዘራ ይዞ በአውቶቡስ መጣ። ኮምባይነሯን ሲያይ መጀመሪያ ያደረገው ነገር መሳቅ ነው። «ይህቺን በጎልማሳነቴ አግኝቼ ቢሆን!» አለ። ዞራት፤ ጎማዋን በመዳፉ ነካ። ከዚያ «በሉ፣ አስቀድማችሁ ሆዷን ባዶ አድርጉ፤ ክብደቷን ሳትቀንሱ ማንን ነው የምትጎትቱት?» አለን። እህሉን በባልዲና በጆንያ አወረድን። በጎማዎቹ ሥር ቆፍረን የባሕር ዛፍ ግንድ ረበረብን። ሰማዩ ከነጣ በኋላም መሬቱ እስኪጠነክር ጠበቅን። በመጨረሻ ሳስነሳት ግንዶቹ እየተሰባበሩ ወጣች። ማንም እልል አላለም። ሰው ሁሉ ደክሞት ቆሞ አያት።

ስሰናበት አደ ሎሚ ቤታቸው ደጃፍ ተቀምጠው የበቀለውን ስንዴ ለከብት ይለዩ ነበር። አጠገባቸው ቁጢጥ አልኩ።

«አደ ሎሚ፣ እኔ…»

«ተይው። ሁላችንም ዓይናችን እሷ ላይ ነበር» አሉ ቀና ሳይሉ። «አንቺም፣ እኔም፣ ያ አለቃሽም። ሰማይን ያየ አልነበረም።»

ወደ ከተማ ተመለስኩ። ሥራ ልለቅ አሰብኩ። ጋራዥ ውስጥ አንድ ቦታ መቆም አቃተኝ፤ መፍቻ አነሳለሁ፣ ለምን እንዳነሳሁት ይጠፋኛል። አቶ ግርማቸው ስለ ማሽኗ ማውራት ተዉ። ከበሩ አንስተው ከግቢው ጀርባ አስቆሟት፤ ሸራ አለበሷት። ሙሽሮችም መምጣት አቆሙ።

መስቀል ካለፈ በኋላ ዘበኛው «እትዬ አስካለ፣ እንግዳ መጥቶብሻል» አለኝ። አደ ሎሚ ናቸው፤ ከሁለት የማኅበሩ ሰዎች ጋር፣ ጋቢያቸውን እንደ ደረቡ። የካሳ ነገር ሊያነሱ ነው ብዬ ልቤ ደነገጠ። ወደ አቶ ግርማቸው ቢሮ አስገባኋቸው። እሳቸውም እንደ እኔ ሳያስቡ አልቀሩም፤ ከወንበራቸው ተነስተው ቆሙ።

«ያቺ ማሽን የታለች?» አሉ አደ ሎሚ።

«አለች… ከጀርባ ናት» አሉ አቶ ግርማቸው። «ለዘንድሮው ግን ሁለት ትንንሽ ኮምባይነሮች ልልክላችሁ አስቤያለሁ፤ በእኔ ወጪ።»

«ትንንሾቹም ይምጡ፤ ለዳር ዳሩ ይሆናሉ። እኛ የመጣነው ግን ለእሷ ነው።»

አደ ሎሚ ቀጠሉ። «ጌታዬ፣ ያችን አንድ ቀን አይተናል። አንድ ቀን ብቻዋን ያነሳችውን እኛ ስንት ሆነን በስንት ቀን እንደምናነሳው እናውቃለን። እህል ሜዳ ላይ በቆየ ቁጥር ነው ዝናብ የሚያገኘው። እሷ ከገባች ቶሎ ይገባል። የማሳችንን ውኃ የሚያወጣ ቦይ ቆፍረናል። መሀል ለመሀል ድንጋይ ያነጠፍንበት መንገድ አውጥተናል። መኪኖቹ በዚያ ላይ ይቁሙ፤ እሷ ግማሽ በሞላች ቁጥር መጥታ ትገልብጥ። ዝናብ ከሸተተ ደግሞ አስካለ ታውጣት። አስካለ ካልነዳች ግን አንፈልግም።»

አቶ ግርማቸው ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ቦዩን በልቤ ማየት ጀምሬ ነበር።

ሄድኩ። ድንጋዩን መንገድ በእጃቸው፣ በአህያና በቃሬዛ ነው ያነጠፉት። ጋሽ ቱሉ ያን መከር አላየም፤ ክረምቱ ላይ አርፎ ነበር። ባርኔጣዬን ከኮምባይነሯ ኋላ ስደፋ እንባዬ መጣ። ማንም ሳያየኝ ፍሬውን ቆጠርኩና ማራገቢያውን ቀነስ አደረግኩ። አደ ሎሚን ጋቢና ውስጥ ከጎኔ አስቀመጥኳቸው። የእሳቸው ማሳ ላይ ስንደርስ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ከዳር እስከ ዳር ስንዴውን እያዩ ሄዱ። ስንዴው ሁሉ ደርቆ ገባ።

ከዚያ በኋላ ለብዙ መከሮች ይዣት ወረድኩ፤ በክረምት ነፋስ ስልክ ትመለሳለች። አንዳንድ ዓመት ደመና አሳድዶን ያለ ሥራ አውጥቻታለሁ፤ አንዳንድ ዓመት መለዋወጫ ጠፍቶ ቆማለች። ትልቅ ነገር የሚፈልገው ብዙ ነው፤ ሰፊ ማሳ፣ ጠንካራ መንገድ፣ በቂ መኪና፣ ሰማይ የሚያይ ሰው። ከነዚህ አንዱ ከጎደለ ከትንሿ ታንሳለች። ይህን አውቃለሁ፤ መሰላሉን ስወጣ ግን ዛሬም ደስ ይለኛል። ሁለቱን ማስታረቅ አልቻልኩም፤ አሁንስ ማስታረቅም አልፈልግም።

ጡረታ ከወጣሁ ወራት በኋላ አቶ ግርማቸው ደወሉ። ድርጅቱ ግቢውን ሊለቅ ነው፤ ቦታው ላይ ሕንፃ ይሠራበታል። ኮምባይነሯን የአደ ሎሚ ማኅበር ገዝቷታል። የመጨረሻዎቹን ጥቂት ዓመታት መለዋወጫ ጠፍቶ ከግቢው ሳትወጣ ቆይታ ገና መጠገኗ ነው፤ ሰፈሩ ግን በነዚያ ዓመታት ተለውጧል፤ መውጫው ላይ ሱቆች በዝተዋል፣ የመብራት ገመድ ዝቅ ብሏል፣ ሎቤዱ ገብቶ መዞር አይችልም። «ዋናው መንገድ ድረስ የሚያወጣት ሰው እፈልጋለሁ» አሉኝ። ንግግራቸውን ሳይጨርሱ ቱታዬን ከሻንጣ እያወጣሁ ነበር።

እሑድ ጠዋት ነበር። የትራፊክ ፖሊስ መንገዱን ዘግቶልናል። አደ ሎሚ እርጅና ይዟቸው መምጣት ስላልቻሉ የወንድማቸውን ልጅ ጫልቱን ልከዋል፤ ማኅበሩ ኦፕሬተርነት ያስተማራት ቆንጆ ልጅ ናት። ማጨጃዋን ነቅለን ለብቻ ጫንን። ጫልቱ ከፊት በእግሯ እየሄደች በእጅዋ ትመራኛለች። የሰፈሩ ጎረምሶች ገመዱን በደረቅ እንጨት ቀና ያደርጉልናል። ባለ ሱቆቹ መጋረጃቸውን ሰበሰቡ። አንዷ ሴትዮ «እትዬ፣ ጣሪያዬን አደራ!» ትላለች። በጣሪያዋና በጎማው መሀል መዳፍ የሚያህል ክፍተት ነበር የቀረው። አንገቴን አውጥቼ እያየሁ፣ እየቆምኩ፣ ትንሽ እየተጠጋሁ፣ እንደገና እየቆምኩ አወጣኋት። የቤተ ክርስቲያን ምእመናን ነጠላቸውን እንዳደረጉ ዳር ይዘው ቆሙ። አቶ ግርማቸው ኮፍያቸውን አውልቀው ከኋላ በእግራቸው ይከተሉናል፤ ሽኝት ይመስል ነበር።

ሎቤዱ ላይ አወጣኋት። ሰንሰለቱን ራሴ አጠበቅኩ። ጫልቱ ከሾፌሩ ጎን ገብታ በሩን እንደከፈተች ነው።

«እናቴ፣ አክስቴ አንድ ቃል ብላኛለች» አለችኝ። «ስንዴው ደርሷል በያት ብላለች፤ እኔ ደግሞ ብቻዬን አስነስቻት አላውቅም።»

«ታስነሻታለሽ። እጅሽ ጥሩ ነው፤ አይቻለሁ።»

«እሱን አላልኩም» አለች ጠጋ ብላ ቦታ እየለቀቀች።

አቶ ግርማቸውን አየኋቸው። «ምን ያዩኛል፣ ጡረተኛ ነዎት እኮ፤ የማንን ፈቃድ ይጠብቃሉ?» አሉኝ። ወጣሁና በሩን ዘጋሁት። ከተማዋ ከኋላችን ስትቀር ስልኬ ጠራ። ሰብለ ናት።

«እማዬ፣ ምሳ ቀርቧል፤ የት ነሽ?»

«መንገድ ላይ ነኝ።»

የሎቤዱን ሞተር ሰማችው መሰለኝ። «መቼ ነው የምትመለሺው?»

በመስኮቱ ወደ ምሥራቅ አየሁ። ሰማዩ ጠርቷል።

«ስንዴው ሲገባ» አልኳት።